መሣሪያ ዕጣ ሲያወጣ

በየሰፈራችን የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። የአባላቱ ስም በትንንሽ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ይጠቀለላል፤ በቆብ ወይም በሳሕን ተከቶ ይነቀነቃል፤ ከዚያም ነገሩን የማያውቅ አንድ ሕፃን ተጠርቶ አንዱን እንዲያነሣ ይደረጋል። ዳኛውም ሆነ ጸሐፊው ማን እንደሚወጣለት አስቀድመው አያውቁም፤ ዕጣ የተባለውም ስለዚህ ነው። አሁን ግን ይህ ሕፃን በልቡ የያዘው ዝርዝር ቢኖርና ሁልጊዜ በዚያው ዝርዝር ቅደም ተከተል የሚያነሣ ቢሆን፥ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ዕጣ ይመስለዋል እንጂ ዕጣ አይደለም። ኮምፒዩተር ዕጣ አውጣ ሲባል የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፥ አንዲት የክፍል ጓደኛዬን ያለ ጥፋቷ ከወቀስሁ በኋላ ስለ ሆነ፥ ሌላው ተማሪ በዚያው ጕድጓድ እንዳይገባ ነገሩን ከመጀመሪያው ለመጻፍ ተነሣሁ።

በትምህርት ቤታችን ግቢ ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ስድስት የችግኝ መደቦች አሉ። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለ ሆነ፥ በበርሜል ያጠራቀምነውን ውሃ የትኛው መደብ ይበልጥ እንደ ጠማው አይተን መስጠት ይገባናል። የሳይንስ ክበባችን ይህን ለማወቅ በየመደቡ የአፈሩን እርጥበት የሚለካ ሴንሰር ለመትከል አሰበ። ለዚህም አርዱይኖ የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ቦርዶች አገኘን። አንዱ ቦርድ ከክብሪት ቀፎ አይበልጥም፤ በላዩ ያለው አትሜጋ 328 የተባለው ቺፕ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ በሥራ ጊዜ የሚጠቀምበት ማስታወሻ ግን 2 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። በየቦርዱ ላይ የሚልክና የሚቀበል ትንሽ ራዲዮ አለ፤ ዋናው ተቀባይ በላቦራቶሪው መስኮት ላይ ተቀምጦ ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዟል። ለስድስቱም ኀይል የሚሰጠው አንድ ባትሪ ሲሆን ማብሪያ ማጥፊያው በዘበኛው ቤት ነው። ዘበኛችን ጋሼ ጧት በ1 ሰዓት ያበሩታል፤ ማታ በ12 ሰዓት ያጠፉታል። ፕሮግራሙን መጻፍ የእኔ ድርሻ፥ ብየዳውና አንቴናው የጓደኛዬ ድርሻ ሆነ።

ስድስቱም ቦርዶች የሚናገሩት በአንድ ዐይነት ሞገድ ነው። በስብሰባ ላይ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር የአንዱም ቃል እንደማይሰማ ሁሉ፥ ሁለት ራዲዮዎች በአንድ ጊዜ ሲልኩ መልእክታቸው ተደበላልቆ ይጠፋል። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው ዋናው ተቀባይ «ተናገሩ» ብሎ ይጣራል፤ እያንዳንዱ ቦርድ ጥሪውን ሲሰማ ከ10 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ በዕጣ ይመርጥና ያን ያህል ጠብቆ 120 ሚሊ ሰከንድ፥ ማለት የሰከንድ አንድ ስምንተኛ ያህል፥ ይናገራል። ይህን ዘዴ እኔ አልፈጠርሁትም። ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ በ1971 ሥራ ያስጀመሩት አሎሃ የተባለው የራዲዮ መረብ በየደሴቱ ያሉትን መሣሪያዎች ከዋናው ኮምፒዩተር ጋር ሲያገናኝ፥ ሁለት መልእክቶች ከተጋጩ እያንዳንዱ ላኪ በዕጣ የተመረጠ ጊዜ ጠብቆ እንደገና ይልክ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ስንሞክረው አንድም መልእክት የጠፋብን አይመስልም ነበር። በደስታ ወደ መደቡ ወስደን ተከልነው። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት 66 ጥሪ አለ፤ በስድስት ሲባዛ በቀን 396 መልእክት መቀበል ይገባን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሲመሽ ብንቈጥር ከ60 አልበለጠም። ይበልጥ የሚያስገርመው ደግሞ ጧት ጨርሶ ዝም ብለው ወደ ማታ አንዳንዶቹ መናገር መጀመራቸው ነው። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

ጧት ዝም፥ ከሰዓት በኋላ መናገር! እኔም ወዲያውኑ ጥፋቱ የጤዛ ነው አልሁ። ጤዛ በአንቴናው መጋጠሚያ ገብቶ ነው፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ይናገራል፤ ስለዚህ ብየዳው የተሠራው በደንብ አይደለም ብዬ በክበቡ ፊት ተናገርሁ። ጓደኛዬ ምንም ሳትመልስ ስድስቱንም አንቴና ነቅላ እንደገና በየደች፤ መጋጠሚያውንም በፕላስቲክ ሸፈነችው። ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛ አስነቀልኋት። በዚህ መካከል ሦስት ሳምንት አለፈ፤ የትኛው መደብ እንደ ደረቀ ማወቅ ስላልቻልን ለሁሉም እኩል ስናጠጣ፥ ፀሐይ የሚበዛበት የ2ኛው መደብ ችግኝ ጠወለገ። አንድ ነገር ግን በሐሳቤ አልመጣም፤ ይኸውም ጥፋቱ በፕሮግራሙ ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ነበርና።

የፊዚክስ መምህራችን ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ቦርዶቹ ዕጣ ያወጣሉ ትላለህ፤ ሲያወጡ በዓይንህ አይተሃል ወይ?» አሉኝ። አላየሁም ነበር። ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ አንዱን ቦርድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘሁና ከ100 የሚያንሱ አሥር ቍጥሮች በዕጣ አውጥቶ እንዲያሳየኝ አዘዝሁት። እንዲህ ሲል ጻፈ፤ 7፣ 49፣ 73፣ 58፣ 30፣ 72፣ 44፣ 78፣ 23፣ 9። መልካም ዕጣ ይመስላል። ሁለተኛውን ቦርድ ሰካሁ። 7፣ 49፣ 73፣ 58፣ 30፣ 72፣ 44፣ 78፣ 23፣ 9። ሦስተኛውን ስሰካ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ውጤቱን መናገር አያስፈልገኝም። አርዱይኖ ያላችሁ ሁሉ ይህን ራሳችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ የእኔን ዐይነት ቺፕ ከያዘና ሌላ ነገር ካላዘዛችሁት የሚጻፈው ይኸው ነው።

ለመሆኑ ይህ ለምን ሆነ? ኮምፒዩተር የታዘዘውን ስሌት ከመፈጸም በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ስሌት ደግሞ ከአንድ መነሻ ሁልጊዜ ወደ አንድ መድረሻ ይደርሳል። ዕጣ የሚመስል ቍጥር ከስሌት ለማውጣት ከታሰቡት መንገዶች በጣም የታወቀውን ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1940ዎቹ አመልክቷል። ወረቀትና እርሳስ አንሥታችሁ አብራችሁኝ ሞክሩ። አራት አሐዝ ያለው አንድ ቍጥር ውሰዱ፤ 1234 ይሁን። በራሱ ሲባዛ 1522756 ይሆናል፤ ስምንት አሐዝ እንዲሞላ በፊቱ 0 ጨምሩና ከመካከሉ አራቱን አሐዝ ውሰዱ፤ 5227 ነው። 5227 በራሱ ሲባዛ 27321529፤ መካከሉ 3215። ቀጥሎ 3362፤ ቀጥሎ 3030። ቍጥሮቹ መልክ የሌላቸው ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከ1234 የተነሣ ሰው ሁሉ፥ ጎንደርም ይሁን ጅማ፥ ይህንኑ ያገኛል። መነሻው ቍጥር ዘር ይባላል፤ ከአንድ ዘር የሚበቅለው አንድ ዐይነት ነውና ስሙ ይስማማዋል። ክፉ ዘር መኖሩንም ተመልከቱ፤ 2500 በራሱ ሲባዛ 06250000 ስለሚሆን መካከሉ ያው 2500 ነው፤ 3792ም እንዲሁ ራሱን ብቻ ይወልዳል። ከነዚህ የተነሣ መሣሪያ እስከ ዓለም ፍጻሜ አንድ ቍጥር ሲደጋግም ይኖራል።

ቦርዳችን የሚጠቀምበት ስሌት ከዚህ የተሻለ ነው። ሌመር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው በ1949 ካቀረበው ሐሳብ የመጣ ሲሆን፥ ፓርክና ሚለር የተባሉ መምህራን በ1988 ከሌሎች መካከል መርጠው ያሳወቁት ነው። ያለውን ቍጥር በ16807 አባዛ፤ ለ2147483647 አካፍል፤ ቀሪውን ያዝ፤ ቀሪው አዲሱ ቍጥር ነው። ማካፈያው 2147483647 ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቍጥር መሆኑን ኦይለር በ1772 አረጋግጦት ነበር። በዚህ ስሌት 2147483646 ቍጥሮች አንዱም ሳይደገም ተራ በተራ ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። አንድ ትልቅ ክብ መንገድ አስቡ፤ መንገዱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ዘሩ የሚወስነው በየት በር እንደምትገቡ ብቻ ነው። ዘር ያልተሰጠው ቦርድ ሁልጊዜ በ1 በር ይገባል። ከ1 ሲነሣ የመጀመሪያው 16807 ነው፤ ሁለተኛው 282475249፤ ሦስተኛው 1622650073። የየአንዳንዳቸውን የመጨረሻ ሁለት አሐዝ ተመልከቱ፤ 07፣ 49፣ 73። ከላይ ያየነው ዕጣ እነሆ!

አሁን የጧቱ ዝምታ ተፈታ። ጋሼ ማብሪያውን ሲጫኑ ስድስቱም ቦርዶች በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፤ በመጀመሪያው ጥሪ ስድስቱም 6807 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃሉ፤ በሁለተኛው 5249፤ በሦስተኛው 73፤ በአራተኛው 3658፤ ሁሉም በአንድነት ይናገራሉ፤ ሁሉም በአንድነት ይጠፋሉ። የማታውስ? ከስድስቱ አንዱ በአጋጣሚ ጥሪውን ሳይሰማ ቢቀር ያን ጊዜ ዕጣ ስለማያወጣ ከሌሎቹ በአንድ ርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚናገረው ለብቻው ነውና ይሰማል። ቀኑ በገፋ ቍጥር ወደ ኋላ የሚቀሩት ይበዛሉ። የረዳን ፀሐይ ሳይሆን መስነፍ ነበር ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ የሠራውም ቦርዶቹን አንድ በአንድ ስለ ሰካናቸውና ለሙከራ ብለን ጥሪውን በየ20 ሰከንዱ ስላደረግነው ነው፤ አንዱ ከሌላው በሁለትና በሦስት ጥሪ ይቀድም ነበር። ጤዛውም ብየዳውም ነጻ ወጡ። በሚቀጥለው የክበብ ስብሰባ ላይ፥ በከሰስሁበት በዚያው ቦታ፥ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናግሬ ጓደኛዬን ይቅርታ ጠየቅሁ። «እኔማ ብየዳ ተማርሁበት» አለች። ከዚህ የከበደ ወቀሳ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ ሥራው ለየቦርዱ የተለየ ዘር ማግኘት ሆነ። ቀላል መስሎኝ ነበር። በብዙ ቦታ የሚመከረው ዘዴ የቮልት መጠን ከሚያነቡት የቦርዱ እግሮች አንዱን አንብቦ ያን ቍጥር ዘር ማድረግ ነው። እግሩ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ከ0 እስከ 1023 በሆነ ቍጥር ይናገራል። እኔም ከምሳሌው ላይ እንዳለ ገልብጬ የመጀመሪያውን እግር አነበብሁ። ያ እግር ግን የእርጥበት ሴንሰሩ የተሰካበት ነው! ማታ እኩል የጠጡ መደቦች ጧት የሚያነቡት ተቀራራቢ ስለሚሆን ሁለቱ ቦርዶች ደጋግመው አንድ ቍጥር አነበቡ፤ አሁንም መንታ ሆኑ።

ሴንሰር ያልተሰካበትን እግር ወሰድሁ። ምንም ያልተያያዘበት እግር በዙሪያው ካለው የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ አንቴና ጥቂት ጥቂት ይለቅማል፤ ስለዚህ ንባቡ ይዋልላል። በላቦራቶሪው፥ ባለ 50 ኸርዝ መብራት ከበላያችን እያለ፥ ንባቡ ከታች ወደ ላይ ይዘል ነበር። መደቡ ዘንድ፥ ከመብራት መስመር ርቆ በባትሪ ሲሠራ ግን ረጋ። እንደ ሒሳቡ ከሆነ ስድስት ቦርዶች ከ1024 ቍጥሮች መካከል እኩል ዕድል ባለው ዕጣ ቢመርጡ ሁለቱ የሚገጣጠሙበት ዕድል 1 ከግማሽ በመቶ ያህል ነው፤ ንባቡ ግን በ20 ቍጥሮች መካከል ብቻ የሚመላለስ ቢሆን የመገጣጠሙ ዕድል 56 በመቶ ይደርሳል። ብታምኑኝም ባታምኑኝም አስሉት፤ 19/20 × 18/20 × 17/20 × 16/20 × 15/20 ያለመገጣጠም ዕድል ነው። ይህም ሳይበቃ ሁለቱ ቦርዶች ጭራሹን 0 አነበቡ። ጓደኛዬ በጥንቃቄ ሥራ የሌላቸውን እግሮች ከባትሪው አሉታዊ ሽቦ ጋር በይዳቸው ነበር፤ ይህም መልካም የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ከዚህ ላይ አርዱይኖ አንድ ጠባይ አለው፤ ዘሩ 0 ነው ሲባል ትእዛዙን ቸል ብሎ ያልፈዋል፤ ቦርዱም ያው በ1 በር ይገባል። 7፣ 49፣ 73! በዚህ ጊዜ ማንንም አልወቀስሁም።

ሦስተኛው መንገድ ዕድልን መተው ነው። ቺፑ መብራት ሲጠፋ የማይረሳው 1024 ባይት የሆነ ሌላ ማስታወሻ አለው። በዚያ ለየቦርዱ ከ1 እስከ 6 መለያ ቍጥር ጻፍሁለት፤ ከአጠገቡም ቦርዱ በተነሣ ቍጥር በአንድ የሚጨምር የመነሻ ቍጥር አኖርሁ። ይህ ማስታወሻ በአንድ ቦታ 100000 ጊዜ ያህል ለመጻፍ የተሠራ ስለ ሆነ በቀን አንድ ጊዜ ቢጻፍበት ከ270 ዓመት በላይ ይበቃል። ዘሩም የመለያው ቍጥር በ65536 ተባዝቶ የመነሻው ቍጥር ሲጨመርበት ነው። በዚህ አሠራር ሁለት ቦርዶች አንድ ዘር ሊኖራቸው አይችልም፤ አንዱ ቦርድም የትናንቱን ዘር ዛሬ አይደግምም።

አሸነፍሁ ብዬ በማግሥቱ ጧት ብመለከት በመጀመሪያው ጥሪ አንድም መልእክት አልተሰማም! ከዚያ በኋላ ደኅና ነበር፤ በሚቀጥለው ጧት ግን የመጀመሪያው ጥሪ እንደገና ዝም አለ። እንዲህ ያለው ነገር ለተማሪ እንቅልፍ ይነሣል። በወረቀት ላይ ሳሰላው ምክንያቱን አገኘሁት። 65536 በ16807 ሲባዛ 1101463552 ነው፤ ሁለት ጊዜው ከ2147483647 በጥቂት ብቻ ይበልጣል። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ቀን ጧት 1ኛው ቦርድ 359 ሚሊ ሰከንድ፥ 2ኛው 264 ይጠብቃሉ፤ 3ኛው 3816፥ 4ኛው 3721፤ 5ኛው 7273፥ 6ኛው 7178። ሁለት ሁለት እየሆኑ በ95 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይለያያሉ፤ መልእክቱ 120 ሚሊ ሰከንድ ስለሚፈጅ የአንዱ መጨረሻ የሌላውን መጀመሪያ ይረግጠዋል። ማባዛት በዘሮች መካከል ያለውን ርቀት ወደ ሌላ ርቀት ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የመነሻው ቍጥር በሁሉም ላይ እኩል ስለሚጨምር ርቀቱ በየጧቱ ያው ነው። በመምህራችን ምክር የመጀመሪያዎቹን አሥር ቍጥሮች አውጥተን እንጥላቸው ጀመር፤ የጧቱ ዝምታም ቀረ። ሆኖም ርቀቱ ወደ ሌላ ሰዓት ዞረ እንጂ እንዳልጠፋ ዐውቃለሁ፤ በትክክል የሚያጠፋው ዘሩን አስቀድሞ የሚያምስ ሌላ ስሌት ነው።

ከዚህ ላይ ጥቂት ከመደባችን ልራቅ፤ እስካሁን የፈለግነው ቦርዶቹ እንዲለያዩ ብቻ ነው። ቍጥሩ ምሥጢር መሆን ሲገባው ግን መለያየት አይበቃም፤ ማንም የማይገምተው መሆን አለበት። በ1995 ጎልድበርግና ዋግነር የተባሉ በበርክሌይ የሚማሩ ሁለት ወጣቶች ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ የምሥጢር ቍልፉን ዘር የሚያገኘው ከሰዓቱና ከፕሮግራሙ የሥራ ተራ ቍጥሮች መሆኑን አወቁ፤ ሰዓትን ማንም ይገምታልና ቍልፉ ተከፈተ። ከ2006 እስከ 2008 ደግሞ ዴቢያን በተባለው ሥርዐት አንድ መስመር በስሕተት ተሰርዞ ለዘር የቀረው የሥራ ተራ ቍጥር ብቻ ስለ ነበር፥ ለአንድ ዐይነት ቍልፍ ሊኖሩ የሚችሉት 32768 ብቻ ሆኑ።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው በ2012 ናዲያ ሄኒንገርና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ነው። በኢንተርኔት ላይ ያሉትን ቍልፎች ሰብስበው ሲመረምሩ፥ እንደ ኢንተርኔት ማከፋፈያ ያሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ወጥተው መጀመሪያ ሲበሩ፥ ገና ከዓለም ምንም ሳይለቅሙ ቍልፍ ስለሚሠሩ፥ ብዙዎቹ አንድ ዘር እንደ ነበራቸው ተገነዘቡ። ቍልፉ የሁለት ታላላቅ ብቸኛ ቍጥሮች ብዜት ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች ከአንድ ዘር ተነሥተው የመጀመሪያውን ቍጥር አንድ ዐይነት ካወጡና በሁለተኛው ከተለያዩ፥ ሁለቱም ቍልፎች ይሰበራሉ። በትንሽ ቍጥር እንየው። 7387ና 8633 ቢሰጧችሁ አካፋያቸውን መፈለግ ያደክማል፤ ግን በ8ኛ ክፍል እንደ ተማርነው ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈልጉ። 8633 ሲቀነስ 7387፥ 1246፤ 7387 ለ1246 ሲካፈል ቀሪው 1157፤ 1246 ሲቀነስ 1157፥ 89፤ 1157ም ለ89 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ 89 የጋራቸው ነው፤ አንዱ 83 × 89፥ ሌላው 89 × 97። በዚህ መንገድ ከመረመሯቸው የድረ ገጽ ማስተናገጃዎች የ0.50 በመቶውን ምሥጢራዊ ቍልፍ ለማግኘት ችለዋል።

ምሥጢር የሚፈልግ መሣሪያ እንግዲህ ዘሩን ከእውነተኛ ጫጫታ መሰብሰብ አለበት። በቺፓችን ውስጥ ከዋናው ሰዓት ሌላ 128 ኪሎ ኸርዝ የሆነ ትንሽ ሰዓት አለ፤ ሁለቱ እርስ በርስ ሲለካኩ የሚታየው መንቀጥቀጥ አንዱ ምንጭ ነው። ጫጫታው ወደ አንድ ወገን ቢያደላስ? ፎን ኖይማን በ1951 ያሳተመው ብልሃት አለ። ሳንቲሙ ከአሥር ሰባቱን ዘውድ የሚወድቅ አታላይ ይሁን። ሁለት ሁለት ጊዜ ጣሉት፤ ዘውድ ቀድሞ ጎፈር ከተከተለ 0፤ ጎፈር ቀድሞ ዘውድ ከተከተለ 1 በሉ፤ ሁለቱ አንድ ዐይነት ከሆኑ ተዉት። 0.7 × 0.3ና 0.3 × 0.7 እኩል ናቸውና ከአታላዩ ሳንቲም ፍትሐዊ ዕጣ ይወጣል፤ አንዱ አጣጣል በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌለው ማለት ነው።

ወደ መደባችን ልመለስ። ዘሩ ከተስተካከለ በኋላ በቀን 350 ያህል መልእክት ይደርሰን ጀመር። ቀሪው የት ሄደ እንዳትሉኝ፤ እውነተኛ ዕጣም ቢሆን አንዳንዴ ይጋጫል። በ10 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ቦርዶች ከ120 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ የሚቀራረቡበት ዕድል 2.4 በመቶ ያህል ነው፤ ለአንዱ ቦርድ አምስት ተጋጣሚ ስላለው ከመልእክቱ 11 በመቶ ያህል ይጠፋል። ይህን ስሌት በጥቍር ሰሌዳ ላይ በኵራት ጽፌ ለክበቡ ሳስረዳ ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

«ለየቦርዱ ቍጥር ጽፈህለታል አይደል?» አለች።

«አዎን፤ ከ1 እስከ 6።»

«ታዲያ ለምን በተራቸው አይናገሩም?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ሦስት ሳምንት ከዕጣ ጋር ስታገል የነበርሁ ሰው፥ አባላቱ ከታወቁና ተራቸው ከተጻፈ ዕጣ እንደማያስፈልግ አላሰብሁም። መምህራችን ሳቁና፥ ሌላ ክፍል ሳይነግረን 7ኛ ቦርድ ቢጨምር ወይም የቦርዶቹ ቍጥር ባይታወቅ የእኔ መንገድ እንደሚሻል፥ ለስድስት መደብ ግን የእርሷ እንደሚበልጥ ፈረዱ። በዚያው ከሰዓት ፕሮግራሙን ለወጥሁት። 1ኛው ቦርድ ከጥሪው በኋላ 1 ሰከንድ ተኩል፥ 2ኛው 3 ሰከንድ፥ እንዲህ እያለ 6ኛው 9 ሰከንድ ጠብቆ ይናገራል። ዕጣ የሚያወጣው መስመር ተሰረዘ።

በማግሥቱ ከ396 መልእክት 394 ደረሰን፤ የ2ኛው መደብ እርጥበትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ተመዘገበለትና ከበርሜሉ ድርሻው ከፍ ተደረገ። የጠፉት ሁለቱ መልእክቶች የ5ኛው ቦርድ ናቸው። ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች እየመረመርሁት ነው፤ አንቴናውን ገና አልነካሁትም።